ሉዋምን በሽቶ የማስጠጋት ሙከራ

ሰመረ፦ ሽቶ አትበለው አልኩህ እኮ።

ሙሉዓለም፦ ምን ልበለው ታዲያ?

ሰመረ፦ ነጻ ተለዋዋጭ።

ሙሉዓለም፦ በነጻ ነው የሰጡህ?

ሰመረ፦ ማን ነው በነጻ የሚሰጠኝ? ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ተከራክሬ፣ አኩርፌ ሄጄ፣ ተመልሼ ነው የገዛሁት።

ሙሉዓለም፦ እና ምኑ ነው ነጻ?

ሰመረ፦ ነጻ ማለት እኔ እንደፈለግኩ የምለውጠው ማለት ነው።

ሙሉዓለም፦ ይለውጡልሃል እንዴ? እኔ እዛው የገዛሁትን ጫማ ልለውጥ ብሄድ ሰውየው አይቼህም አላውቅ አለኝ። ሁለቱም የግራ እግር ነበሩ።

ሰመረ፦ ግን ማድረግህን አልተውክም።

ሙሉዓለም፦ ወደ ግራ ስትታጠፍ በጣም ይመቻል።

[ሰመረ ጠርሙሱን ኪሱ ከቶ በረጅሙ ተነፈሰ።]

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፒያሳ። ሁለቱ ጓደኛሞች ኬክ ቤቱ በር ላይ፣ አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ዳር ካሉት አግዳሚ ወንበሮች አንዱን ከሁለት ጫፍ ይዘው ተቀምጠዋል፤ መሃሉን ክፍት ትተውታል። ሰው ሊቀመጥ በመጣ ቁጥር ሰመረ ተይዟል፣ ጥናት ላይ ነን እያለ ይመልሳል።

ሰመረ ባዮሎጂ ነው የሚማረው። ገና ሁለተኛ ዓመት ነው፤ ሲያወራ የሰማው ሰው ግን ተመርቆ፣ ሠርቶ፣ ጡረታ ወጥቶ የተመለሰ ነው የሚመስለው። ቤት ውስጥ ወጥ ቢያርር እንኳ እናቱን ከማጽናናት ይልቅ ለምን እንዳረረ ያስረዳታል። ሙሉዓለም ደግሞ የሕግ ተማሪ ነው። ልቡ ወርቅ ነው፤ ነገር የሚገባው ግን ዘግይቶ ነው። ዛሬ ቀልድ ከነገርከው ነገ ታክሲ ውስጥ ብቻውን ይስቃል፤ አጠገቡ ያለው ሰው ቦርሳውን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል።

ሁለቱም እሪ በከንቱ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደጉት። ሉዋምም የዛው ሰፈር ልጅ ናት፤ አምስት ኪሎ ምህንድስና ትማራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከትምህርት ስትወጣ እዚህ በር ላይ ከነሱ ጋር ማኪያቶ ሳትጠጣ ቤቷ አትገባም። ሰመረን የሉዋም ፎንቃ ከያዘው ቆይቷል፤ የያዘው ግን አፉን ጭምር ነው። አሁን ጭንቅ ያመጣበት ሰኞ ነው። ሰኞ ሉዋም ለሥራ ልምምድ ሃዋሳ ትሄዳለች። ሃዋሳ ሐይቅ አለ፤ ሐይቅ ዳር ደግሞ ወንድ አይጠፋም። ስለዚህ ዛሬ መናገር አለበት። ግን እምቢ ብትለውስ? ያን ሁሉ ዕውቀት ተሸክሞ፣ እምቢ የተባለ ሰው ሆኖ ሰፈር ውስጥ እንዴት ይኖራል? አሰበ፣ አሰበ፣ ቆረጠ። ከመናገሩ በፊት በሳይንስ ያረጋግጣል። ከተጠጋችው ይናገራል፤ ካልተጠጋችው ዝም ይላል።

ሰመረ፦ ዛሬ የማደርገው ሙከራ ነው፣ ገባህ?

ሙሉዓለም፦ የምን ሙከራ?

ሰመረ፦ ሉዋምን የማስጠጋት።

ሙሉዓለም፦ [ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ሰሜ፣ ይቅርብህ። ሙከራ ያስቀጣል።

ሰመረ፦ ሙከራ እንዴት ነው የሚያስቀጣው?

ሙሉዓለም፦ የስርቆት ሙከራ፣ የግድያ ሙከራ፣ የማምለጥ ሙከራ። ባይሳካም ያስቀጣል። እንዲያውም የሚያስቀጣው ያልተሳካው ነው። ፈተና ላይ ወጥቶ እሱን ብቻ ነው ያገኘሁት።

ሰመረ፦ እሱ የናንተ ሙከራ ነው። እኛ ጋ ሙከራ ማለት ተፈጥሮን መጠየቅ ነው።

ሙሉዓለም፦ ያለ ጠበቃ?

ሰመረ፦ ዝም ብለህ ስማኝ። መጀመሪያ መላምት አለ።

ሙሉዓለም፦ መላ ምት። ማን ነው የሚመታው?

ሰመረ፦ ማንም አይመታም። መላምት ማለት ይሆናል ብለህ የምትገምተው ነገር ነው። የኔ መላምት፣ ሉዋም ጥሩ ሽታ ከሸተታት ትጠጋለች ነው። ሽቶው ነጻ ተለዋዋጭ ነው ብለናል። የሉዋም ርቀት ደግሞ ጥገኛ ተለዋዋጭ ነው።

ሙሉዓለም፦ ሉዋምን ጥገኛ ልትላት ነው?

ሰመረ፦ ርቀቷን ነው ያልኩት።

ሙሉዓለም፦ ጥገኝነት ጠይቃ ነው የምትርቀው? ሃዋሳ አይደል እንዴ ያልከኝ? ለሃዋሳ ጥገኝነት አያስፈልግም፣ አውቶቡስ ነው።

ሰመረ፦ አቦ፣ ርቀቷ በሽቶው ላይ ነው የሚወሰነው ማለቴ ነው።

ከዚያ ሰመረ ከኪሱ ጠመኔ አወጣና አግዳሚው መሃል ላይ ነጭ መስመር አሰመረ። ሉዋም መሃል ላይ ትቀመጣለች፤ ከመስመሩ ወደ እሱ ከተንሸራተተች ሽቶው ሠርቷል ማለት ነው ብሎ አስረዳው። ጣቱን በምራቁ አርሶ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣም ፈተሸ፤ ነፋሱ ከጀርባው ወደ መስመሩ ነው። ደስ አለው። ተፈጥሮ ራሷ ከሱ ጋር ተመሳጥራለች።

ሰመረ፦ አንተ ደግሞ ቁጥጥር ነህ።

ሙሉዓለም፦ [ቀጥ ብሎ ተቀምጦ] ማንን ነው የምቆጣጠረው?

ሰመረ፦ ማንንም።

ሙሉዓለም፦ እኔ ነኝ በቁጥጥር ስር የምውለው?

ሰመረ፦ አትውልም። ዝም ብለህ ትቀመጣለህ። ሽቶ የለህም፣ ምንም የለህም፣ ባዶ ነህ። ከኔ ጋር የምትነጻጸር ባዶ።

ሙሉዓለም፦ እናቴም እንደዛ ነው የምትለኝ። ሳይንስ መሆኑን አላወቅኩም።

ሰመረ፦ ሰባተኛ ክፍል ባቄላ አብቅለን አልነበር? አንዱን መስኮት ላይ፣ አንዱን ቁም ሳጥን ውስጥ? አፈሩ እኩል፣ ውሃው እኩል፣ ልዩነታቸው ብርሃን ብቻ። አየህ፣ የምትፈትነው ነገር አንድ ብቻ መሆን አለበት። እርግጥ የኔው ጉድ ሠርቶኛል። ጨለማ ውስጥ ያለው ለምልሞ መምህራችን ፊት አዋረደኝ።

ሙሉዓለም፦ ለምን አይለመልምም? አንተ ስትሄድ ጸሐይ ላይ አወጣው ነበር።

ሰመረ፦ ምን?

ሙሉዓለም፦ ያለ ክስ ጨለማ ቤት የታሰረ ባቄላ ነው፣ ሰሜ። አንጀቴን በላኝ።



ሰመረ ባቄላ በጨለማ ለምን እንደሚለመልም የራሱን ጽንሰ ሐሳብ አውጥቶ፣ ስንቱን ሰው አስቁሞ አስረድቶበታል። አንድ ዘመዳቸው እንዲያውም አምኖት ባቄላውን በሙሉ አልጋ ስር ዘርቶ ነበር። ግን አሁን የሚናደድበት ጊዜ የለውም። ሉዋም ልትመጣ ነው።

ዋናው ነገር ከሽቶው በቀር ሌላው ሁሉ እኩል እንዲሆን ነው። ይሄን ብሎ ሙሉዓለምን ከላይ እስከ ታች ሲያየው ደነገጠ። ሰውየው የነተበ ማልያ ለብሷል፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ወጥቷል፣ ጫማው ሁለት ግራ ነው፣ ጸጉሩ ላይ የትራስ ቅርጽ አለ። ሉዋም ወደ ሰመረ ብትጠጋ ሽቶው ስቧት ነው ወይስ ከዚህ ሰው ሸሽታ ነው? አይታወቅም። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ገዶኝ ይል ነበር፤ ሰመረ ግን ለሥራው የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ሙሉዓለምን ወንበሩን እንዲጠብቅ አድርጎ ቁልቁል እሪ በከንቱ ሮጠ፣ ለፋሲካ የተገዛለትን ነጭ ሸሚዝ፣ ሱሪና ጥቁር ጫማ ይዞ እያለከለከ ተመለሰ። ኬክ ቤቱ መጸዳጃ ቤት አስገብቶ አለበሰው፣ ጸጉሩን በውሃ አርጥቦ አበጠረለት።

[ሰመረ ተንበርክኮ የሙሉዓለምን ጫማ በሶፍት ይወለውላል።]

ሙሉዓለም፦ ሰሜ፣ ሰው እያየን ነው።

ሰመረ፦ ይይ። ለሳይንስ ነው የተንበረከክኩት።

ሙሉዓለም፦ ሸሚዙ እዚህ ጋ ያዘኝ።

ሰመረ፦ [ቀና ብሎ አይቶ፣ ቅር እያለው] ደረትህ ነው። ሰብሰብ አድርገው።

ሙሉዓለም፦ ደረት እንዴት ነው የሚሰበሰበው?

ሰመረ፦ አትተንፍስ። እኔ ደረት የለኝም፣ እኩል መሆን አለብን።

ይሄን እያሉ ሁለት ሴቶች አለፉ። አለፉና ዞር ብለው ሙሉዓለምን አዩት። ትንሽ ሄደው እንደገና ዞሩ። ሙሉዓለም እነማን ናቸው ብሎ ቢጠይቅ ሰመረ ናሙናው ውስጥ የሉም፣ ተዋቸው አለው። ለናሙናው የተመረጠችው ሉዋም ብቻ ናት። ሙሉዓለም ምስክር አንድ ብቻ ከሆነ ክርክሩ ይዳከማል ብሎ ሊያስጠነቅቀው ሞከረ፤ ሰመረ ግን ሉዋም እንደ አንድ ሰው አትቆጠርም፣ አገር ናት አለው።

ሰመረ፦ የምንላትም እኩል መሆን አለበት። ስትቀመጥ፣ «ሉዋምዬ፣ ደክሞሻል መሰለኝ፣ ምን ልዘዝልሽ?» ነው የምትላት። እስቲ በል።

ሙሉዓለም፦ ሉዋምዬ፣ ደክሞሻል ተብለሽ ተጠርጥረሻል።

ሰመረ፦ ማን ጠረጠራት?

ሙሉዓለም፦ አንተ ነህ እኮ መሰለኝ ያልከው።

ሰመረ፦ ቃል በቃል በል።

ሙሉዓለም፦ ሉዋምዬ፣ ደክሞሻል መሰለኝ፣ ምን ልታዘዝ?

ሰመረ፦ አስተናጋጅ ሆንክ እኮ። ልዘዝልሽ ነው፣ ልዘዝልሽ። ማኪያቶውንም እኔ ፉት ስል ፉት በል፤ ሳስቀምጥ አስቀምጥ። ከኔ በላይ እንዳትስቅ ደግሞ።

ሙሉዓለም፦ ቆይ ግን፣ ፈቃዷን ጠይቀሃል?

ሰመረ፦ ከነገርኳትማ ሆን ብላ ትጠጋለች፣ ወይ ሆን ብላ ትርቃለች። ማወቅ የለባትም።

ሙሉዓለም፦ እኛ ጋ እሱ ማታለል ይባላል።

ሰመረ፦ እኛ ጋ ጥንቃቄ ይባላል። መጣች፣ መጣች፣ ደረትህን ያዝ።

[ሰመረ ጠርሙሱን አውጥቶ አንገቱን፣ እጁን፣ ብብቱን፣ በመጨረሻም ጸጉሩን ረጨ። ሽታው ጽጌረዳ ነው፤ አንድ አትክልት ቦታ ሙሉ።]

ሉዋም የንድፍ ወረቀት የምትይዝበትን ረጅም ቱቦ ትከሻዋ ላይ አንግታ፣ በአራት ኪሎ በኩል መጣች። ሰላም ብላቸው ልክ ጠመኔው መስመር ላይ ዘፍ አለች። ሁለቱ እኩል አፋቸውን ከፍተው እንደ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሉዋምዬ፣ ደክሞሻል መሰለኝ አሏት። ማን ሊያገባ ነው ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ያለው ሙሉዓለም ሸሚዝ ላይ ነው። ሙሉዓለም እንዳይተነፍስ ስለታዘዘ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ማኪያቶ ታዘዘላት። ሰመረ ፉት ሲል ሙሉዓለም ፉት አለ፤ ሰመረ ሲያስቀምጥ ሙሉዓለም አስቀመጠ። እሷ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አየች።

ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሰመረ ይሄን አላሰበም ነበር፤ እንዲህ በአንድ ጊዜ ትነካለች ብሎ አልጠበቀም።

ሉዋም፦ [አፍንጫዋን በሶፍት ይዛ] ይቅርታ፣ ሳይነስ አለብኝ።

[ሰመረ ጆሮ ውስጥ የገባው ግን «ሳይንስ» ነው።]

ሰመረ፦ አንቺም አለብሽ?

ሉዋም፦ ኧረ በጣም ነው ያለብኝ።

ሰመረ፦ እኔም አለብኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ።

ሉዋም፦ ውይ ሰሜ፣ አላውቅም ነበር። አንተን የት ጋ ነው የሚይዝህ?

ሰመረ፦ ልቤ ላይ።

ሉዋም፦ ልብ ላይ? እኔን ግንባሬ ላይና ዓይኔ ስር ነው።

ሰመረ፦ የናንተ ሂሳብ ስለሚበዛበት ነው ግንባር ላይ የሚይዘው።

ሉዋም፦ [ግራ ገብቷት] ከቤተሰብ ነው የወረስከው?

ሰመረ፦ ቤተሰቤ ነጋዴ ነው፣ ማንም የለበትም። እኔ ላይ ብቻ ነው የወጣው።

ሉዋም፦ ታዲያ ምን ታደርግለታለህ? እኔ ጠዋት ጠዋት እታጠናለሁ።

ሰመረ፦ እኔ ማታ ማታ ነው የማጠናው። ጸጥ ሲል ይገባኛል።

ሉዋም፦ በባሕር ዛፍ ቅጠል?

ሰመረ፦ በቅጠልም፣ በሥርም፣ በግንድም። ቅጠልማ ባለፈው ሴሚስተር ጨርሰናል። አሁን አበባ ላይ ነን።

ሉዋም፦ አበባ? እኔ የአበባ ሽታ ከመጣማ እንባዬን መያዝ አልችልም።

[ሰመረ ይሄን ሲሰማ ዞር ብሎ ጠርሙሱን አወጣና በአንገቱ በኩል ደጋግሞ ረጨ።]

ከዚህ በኋላ የሆነውን ፒያሳ ያለ ሰው ሁሉ አይቶታል። ሰመረ ሲረጭ ሉዋም ወደ ሙሉዓለም ተንሸራተተች። ሰመረ መጠኑ አንሶ ነው ብሎ ጨመረ፤ እሷም ጨመረች። ስለ ቅጠል ሕዋስ እያስረዳት ተከተላት፤ ኧረ ተወኝ ለማለት አፏን ስትከፍት ጽጌረዳው ገባባት። ሙሉዓለም በተራው ወደ ጫፍ ሄደ፣ ወደ ጫፍ ሄደ፣ ጫፉ አለቀ። አንድ ጎኑ ወንበር ላይ፣ አንድ ጎኑ አየር ላይ ሆኖ፣ አልተነፍስም እንዳለ ፊቱ ሊጠቁር ደረሰ። ትንፋሹን መያዙ በጀው፤ ከሦስቱ ሽቶው ያልገባበት እሱ ብቻ ነው። በመጨረሻ አንድ ነገር ገባው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያው ቀን ገባው።

ሙሉዓለም፦ ሰሜ፣ ልጅቷ ሳይነስ ነው ያለችህ።

ሰመረ፦ እኮ፣ ሳይንስ።

ሙሉዓለም፦ አይደለም። ሳይ፣ ነስ። አፍንጫ። ሽታ ሲበዛ የሚያፍነው።

ሰመረ፦ እና እታጠናለሁ ያለችው?

ሙሉዓለም፦ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ በእንፋሎት።

[ሰመረ ጠርሙሱን ኪሱ ከተተ።]

ሉዋም ብድግ ብላ ነፋስ ልቀበል አለች። ቱቦዋን ሙሉዓለም ተቀበላት፣ ክንዱን ያዘች፣ ቁልቁል ወደ ሰፈር ሄዱ። ጥቂት ሄዳ ዞር አለችና ሰመረን፣ ከልቧ አዝናለት፣ ልብህን ግን ለሐኪም አሳየው፣ እዛ ጋ የሚይዝ ሰምቼ አላውቅም አለችው።

ሰመረ ብቻውን ቀረ። የሉዋም ማኪያቶ እንዳለ ቀዝቅዟል። ትንሽ ቆይቶ ከኬክ ቤቱ መስታወት ላይ አንዲት ንብ ተነስታ መጣችና አንገቱ ላይ አረፈች። ተነስታ ሄዳ እህቶቿን ይዛ ተመለሰች። ሰመረ አልተንቀሳቀሰም። መላምቱ፣ ሲያስበው፣ ሙሉ በሙሉ አልወደቀም፤ የተጠጋ አለ።

ሙሉዓለም የተመለሰው ጸሐይዋ ወደ ጊዮርጊስ በኩል ስታዘነብል ነው። ንቦቹን አይቶ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ።

ሰመረ፦ ተሻላት?

ሙሉዓለም፦ ሰፈር ሳንደርስ ተሻላት። ከዛ ምን አድርጋችሁኝ ነው ብላ ጠየቀችኝ።

ሰመረ፦ ምን አልካት?

ሙሉዓለም፦ ሁሉንም ነገርኳት።

ሰመረ፦ ሁሉንም?

ሙሉዓለም፦ ተጠየቅኩ፣ መለስኩ። ጠመኔውን፣ ነፋሱን፣ ባቄላውን። እኔ ባዶ እንደሆንኩም አልደበቅኳትም።

ሰመረ፦ [ዓይኑን ጨፍኖ] ተናደደች?

ሙሉዓለም፦ ሳቀች። ግድግዳ ተደግፋ ነው የሳቀችው። ሸሚዙ ያንተ ነው ስላትማ መሬት ቁጭ አለች።

ሰመረ፦ ስለኔ ምንም አላለችም?

ሙሉዓለም፦ ብላለች።

ሰመረ፦ ምን አለች?

ሙሉዓለም፦ በደንብ ይታጠብ አለች።

ሰመረ ሙሉዓለምን ከላይ እስከ ታች አየው። የሐይቁ ዳር ወንድ ከሃዋሳ ተነስቶ ፒያሳ ድረስ መጥቶ፣ የሱን ሸሚዝ ለብሶ ፊቱ የቆመ መሰለው። ግን ሰመረ ሰመረ ነው። ሲጨንቀው ያስረዳል። ንቦቹን በቀስታ ገፋ ገፋ አድርጎ፣ ጠመኔውን እንደ መምህር ያዘ።

ሰመረ፦ ስማ፣ እንዳትሳሳት። ተጠጋችህ ማለት ወደደችህ ማለት አይደለም። ከኔ ሸሸች፤ የሸሸችበት በኩል አንተ ነበርክ። እዛ ጋ ግንብ ቢኖር ግንቡን ትጠጋ ነበር።

ሙሉዓለም፦ እሱስ ልክ ነህ።

ሰመረ፦ ሽቶው ሁሉን ነገር አበላሽቶታል። ማንን እንደምትጠጋ በእውነት ለማወቅ ሙከራው ያለ ሽቶ መደገም አለበት። ያልተደገመ ሙከራ ወሬ ነው።

ሙሉዓለም፦ የሚገርም ነው፣ እሷም ልክ እንደዛ ነው ያለችው። እነሱ ጋ ኮንክሪት ሲፈትኑ በአንድ ስብራት አይፈርዱም አሉ። ነገ ያለ ሽቶ እንድገመው አለች።

ሰመረ፦ [ብድግ ብሎ፣ ፊቱ በርቶ] ነገ? ራሷ ነች ያለችው?

ሙሉዓለም፦ ራሷ። ሸሚዙን አሁን ላውልቅልህ?

ሰመረ፦ እንዳትነካው። ሌላው ሁሉ እንደዛሬው መሆን አለበት። ሸሚዙንም፣ ሱሪውንም፣ ጫማውንም ነገ አድርግ። ጸጉርህን እንደዚሁ አበጥረው። የተባባልነውንም እንዳትረሳ፣ ልዘዝልሽ ነው።

ሙሉዓለም፦ ልዘዝልሽ። እተነፍሳለሁ ግን?

ሰመረ፦ ተንፍስ፣ ፈቅጄልሃለሁ። እኔ ቀደም ብዬ መጥቼ ወንበሩን እይዛለሁ። ስንት ሰዓት ነው የተባባላችሁት?

ሙሉዓለም፦ [ግራ ገብቶት] አንተ ምን ልትሠራ ትመጣለህ?

ሰመረ፦ እንዴት ምን ልሠራ?

ሙሉዓለም፦ ያለ ሽቶ ነው አልኩህ እኮ።